ኬክ በሚሰምጥበት ከፍታ የማይሰምጠው ጣፋጭ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልን።

በጋዜጦች የምግብ ዓምድ የሚወጡ የጣፋጭ አሠራሮች ለየትኛው አገር አየር እንደተጻፉ አይናገሩም። «ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ ጥቂት ቅቤ፣ እስኪበስል ይጋገር» ይሉና ያልፋሉ። ደሴ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቁልቁለቱን ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል በኬክ ሊጥ ውስጥ ያለው አየር ከልክ በላይ ይነፋል። እንቁላሉና ዱቄቱ ሳይጸኑ ሊጡ ሽቅብ ይወጣና መሐሉ ይሰምጣል። ብዙ ሰው ይህን የእጁ ጥፋት አድርጎ ስለሚወስደው ዳግመኛ ኦቨን መክፈት አይፈልግም። ጥፋቱ ግን የእጁ ሳይሆን የመጠኑ ነው፤ ለዝቅተኛ ከተማ የተሰላ ቤኪንግ ፓውደር ደሴ ላይ ይበዛል።

ከዚህ ጣጣ ነጻ የሆነ አንድ ጣፋጭ አለና አንባቢዎቻችሁ ቢያውቁት መልካም ነው ብለን ጻፍን። የፍራፍሬ ክራምብል ይባላል። ታች ፍራፍሬ፣ ላይ በቅቤ የታሸ የዱቄትና የስኳር ፍርፋሪ፤ ከዚያ ኦቨን። እንቁላል የለውም፣ እርሾ የለውም፣ ቤኪንግ ፓውደር የለውም። የሚነፋ ነገር ስለሌለው የሚሰምጥም የለም። እንግሊዞች ዘንድ ይበልጥ የተለመደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው፤ ከጥር 1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅቤና ስኳር በራሽን ይታደል ስለነበር፣ ብዙ ቅቤና ዱቄት ከሚፈልገው ፍራፍሬው በሊጥ ከሚሸፈንበት ፓያቸው ይልቅ ይህ ይቀላቸው ነበር። ለእኛም ቤት የሚስማማው በዚያው ምክንያት ነው። ጥቂት ቅቤ ብዙ ሰው ያበላል።

ቀላል ነው ማለት ግን አይበላሽም ማለት አይደለም። የሚበላሽባቸው መንገዶች ብዙ ቢመስሉም ሥራቸው ሁለት ነው፤ የፍራፍሬው ውሃና የቅቤው ሙቀት። እነዚህን ሁለቱን የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ እንደ ቤቱ ሊያደርገው ይችላል።

በመጠኑ እንጀምር። ለፍርፋሪው በክብደት ሁለት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ቅቤ፣ አንድ እጅ ስኳር ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ለሚያበላ፣ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላለው የኦቨን ሳህን 200 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 100 ግራም ቅቤ፣ 100 ግራም ስኳርና የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው በቂ ነው። ከሥሩ የሚገባው ፍራፍሬ ተልጦና ፍሬው ወጥቶ 900 ግራም ይሁን። ሚዛን የሌለው ሰው በኩባያ እየለካ ከሚጨነቅ የገበያውን መለኪያ ቢጠቀም ይሻለዋል። ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ ኪሎ ቅቤ፣ ሩብ ኪሎ ስኳር ገዝቶ መቀላቀል ነው፤ መጠኑ ያው ነው፣ ሚዛኑን የያዘው ባለሱቁ ነው። አንድ ኪሎ ፍርፋሪ ይወጣዋል። ለአንድ ሳህን 400 ግራም ገደማ ስለሚበቃ የተረፈውን በፌስታል አጥብቆ አስሮ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት፣ ፍሪዘር ውስጥ እስከ ሦስት ወር ማቆየት ይችላል። ከፍሪዘር የወጣ ፍርፋሪ እንዲቀልጥ አይጠበቅም፤ በረዶ እንደሆነ ፍራፍሬው ላይ ይበተናል። እንዲያውም ከትኩሱ ይልቅ የተሻለ ይሆናል።

ኩባያን የማናምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዱቄት በኩባያ ሲታፈስና ኩባያው ጠረጴዛ ላይ ተመትቶ ሲጠቀጠቅ በሁለቱ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ከአምስት አንድ እጅ ሊያልፍ ይችላል። ያ ልዩነት ፍርፋሪውን ወይ ዱቄት ዱቄት የሚል ያደርገዋል፣ ወይ ቅባት ያደርገዋል።

ስለ ቅቤው። ከሱቅ የሚገዛው የገበታ ቅቤ 80 በመቶ ገደማው ስብ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው። ከላይ የጻፍነው መጠን ለእሱ ነው። ጨው ያለበት ከሆነ ሌላ ጨው አይጨመርም። ከገበያ የሚገዛው ለጋ ቅቤ ጥሩ ይሠራል፤ ውስጡ አሬራ ስለሚቀር ግን ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ እየታሸ መታጠብ፣ ከዚያም ውሃው በደንብ መጨመቅ አለበት። መካከለኛና በሳል ቅቤ ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ሽታው ፍራፍሬውን ይውጠዋል። በኮሰረት፣ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ የተነጠረውም እንደዚያው። ያለ ቅመም የተነጠረ ቅቤ ያለው ሰው መጠቀም ይችላል፤ ንጥር ውሃ የሌለው ንጹሕ ስብ ስለሆነ ግን 100 ግራም ቢያስገባ ይበዛበታል። 80 ግራም ያድርግ፣ ሲያሽም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ያርከፍክፍበት።

የትኛውም ቢሆን ቅቤው ቀዝቃዛና ጠጣር መሆን አለበት። ምክንያቱ ይህ ነው። ጠጣር ቅቤ በጣት ሲታሽ በዱቄት ተሸፍኖ እንደ ቅንጣት ይቀራል። ኦቨን ሲገባ ቅንጣቱ ይቀልጣል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ክፍተት ይተዋል፣ ዙሪያው ያለው ዱቄትና ስኳር ተጠብሶ ይደርቃል፤ ያ ነው ሲበላ የሚንኮሻኮሸው። የቀለጠ ቅቤ ግን አስቀድሞ ዱቄቱ ውስጥ ስለሰረገ ክፍተት የሚተው ነገር የለም። ሊጥ ይሆናል፤ ሊጡም ኦቨን ውስጥ ተዘርግቶ እንደ ጠፍጣፋ ብስኩት ይደርቃል፣ ወይም ወደ ፍራፍሬው ሰምጦ ይቀራል።

እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። በደሴ ብርድ ቅቤው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በቢላ ከመታገል በድንች መፈቅፈቂያ ትልቁ ቀዳዳ በኩል ዱቄቱ ላይ መፈቅፈቅ ይቀላል። በኮምቦልቻ ሙቀት ግን ቅቤው ከእጅ በፊት ይላላል። እዚያ ዱቄቱንም ጎድጓዳ ሳህኑንም ከቅቤው ጋር ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ማስገባት፣ ፍሪጅ ከሌለ ጠዋት ማለዳ ላይ መሥራት፣ እጅንም በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ አድርቆ መጀመር ያስፈልጋል። በመሐል ላይ ቅቤው ማብረቅረቅና ጣት ላይ መጣበቅ ከጀመረ ሥራውን ማቆም ነው። ሳህኑ ሩብ ሰዓት ቀዝቅዞ ይቀጥላል።

ሲታሽ በመዳፍ ሳይሆን በጣት ጫፍ ነው፤ መዳፍ ይሞቃል። ዱቄቱንና ጨውን ቀላቅሎ ቅቤውን እየቆነጠሩ፣ ከፍ እያደረጉ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እያሹ መልሶ መጣል። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። መልኩ እንደ ደረቅ የዳቦ ፍርፋሪ ሲሆን፣ መሐል መሐሉ ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ጉብታዎች እያሉበት ማቆም ነው። ስኳሩ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ከመጀመሪያው ከገባ ከቅቤው እርጥበት ስቦ ፍርፋሪውን ያጣብቀዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ደቃቅ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ አርከፍክፎ በሹካ ማማሰል ጉብታውን ይመልሰዋል። ጭብጥ አድርገው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ ደርሷል።

ከዱቄቱ ሩቡን፣ ማለትም 50 ግራሙን፣ በበሶ ዱቄት እንዲተኩ አጥብቀን እንመክራለን። ገብሱ አስቀድሞ ስለተቆላ ፍርፋሪው ኦቨን ውስጥ ብዙ ሳይቆይ የቆሎ መዓዛ ያገኛል። ከሩብ ሲያልፍ ግን አፍ ያደርቃል። የአጃ ቅንጬም በዚያው ልክ ይገባል፤ በሶውን ትቶ እሱን ወይም የተከካ ለውዝ ማድረግ ይቻላል። ስንዴ ለማይስማማው ሰው የጤፍ ዱቄትና የተፈጨ ለውዝ እኩል እኩል ተቀላቅሎ ዱቄቱን ይተካል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በሶ ማስገባት ግን ስህተት ነው፣ ገብስም እንደ ስንዴው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን አለው።

አሁን ወደ ፍራፍሬው። ክራምብል የሚበላሸው ከላይ ይልቅ ከታች ነው። ማንጎ ከመቶው 83 እጁ ገደማ ውሃ ነው፤ አፕልና አናናስ 86፤ ኮክና ፓፓያ 88 ገደማ። 900 ግራም ፓፓያ ስናስገባ ወደ 800 ግራም ውሃ አስገባን ማለት ነው። ጥሬውን ሳህን ላይ ዘርግቶ ፍርፋሪ የበተነበት ሰው ከኦቨን የሚያወጣው ከላይ እርጥብ ሊጥ፣ ከታች ሾርባ ነው። ስለዚህ ፍራፍሬውን አስቀድሞ ድስት ውስጥ በጥቂቱ ማብሰል የግድ ነው እንላለን። በብዙ የፈረንጅ አሠራር ይህ የለም። ለደሴ ግን ሌላም ምክንያት አለ፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በኮምቦልቻ በ94። የኦቨኑ አየር 190 ዲግሪ ቢሆንም ውሃ የሞላበት ፍራፍሬ ውስጡ ከሚፈላበት ሙቀት አያልፍም። እንደ አፕል ያለው ጠንካራ ፍሬ እዚህ ለመለስለስ ከዝቅተኛ ከተማ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ፍርፋሪው ደግሞ ደረቅ ስለሆነ ከፍታ አይገድበውም፣ በራሱ ጊዜ ይጠበሳል። ሁለቱ እኩል አይደርሱም፤ ላዩ ሲያርር አፕሉ ገና ጥሬ ነው። ቀድሞ ማብሰሉ ሁለቱን ያስተካክላቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፍሬውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ኩብ አድርጎ መቁረጥ፤ ከዚያ ካነሰ ይሟሟል። ሰፊ ድስት ውስጥ ከፍራፍሬው ስኳርና ከአንድ ሎሚ ጭማቂ ጋር አድርጎ በመካከለኛ እሳት ማብሰል፤ ለስላሳው ፍሬ አምስት ደቂቃ፣ አፕል እስከ አሥር ደቂቃ። ክዳን አይደረግበትም፣ ውሃው መውጣት አለበት። ከዚያ ኮርን ስታርች (የበቆሎ ስታርች፤ መጠኑን በየፍሬው ከታች ጽፈናል) በሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ እያማሰሉ መጨመር ነው። ስታርች በደንብ የሚወፍረው ሲፈላ ስለሆነ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ በደሴ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ በኮምቦልቻ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። ነጭ ድፍርስነቱ ጠርቶ ሲያብረቀርቅ ደርሷል። ስታርቹን ደረቁን ፍሬው ላይ የሚነሰንስ ሰው የማይሟሟ ነጭ ጓል ያገኛል።

ማንጎ ከመርሳና ከጊራና በኩል በደህና ይመጣልናል። ለዚህ የሚሆነው ሲጫኑት ጥቂት ብቻ የሚሰረጉደው፣ ገና ጠጠር ያለው ነው። በጣም የበሰለው ለጁስ ቤት ይሂድ፤ ሲበስል ክር ብቻ ይቀራል። ለ900 ግራም 30 ግራም ስኳርና አንድ የሾርባ ማንኪያ ስታርች ይበቃዋል፤ ሎሚውን ግን አታስቀሩበት። ፓፓያ ብቻውን ፈዛዛ ነው። ሎሚውን ወደ ሁለት ከፍ አድርጎ፣ የተፈቀፈቀ ትኩስ ዝንጅብል አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሮ፣ ስታርቹን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማድረግ ነው። ግማሹን በአናናስ ቢተኩት በጣም ይሻላል። አናናስ ስንቆርጥ መሐል ያለውን ጠንካራ ግንድ ማውጣት ይገባል፤ ሲበስልም አይለሰልስም። ኮክ በክረምት ሲደርስ ከሁሉም የሚበልጥ ክራምብል የሚሠራበት ፍሬ እሱ ነው ብለን እናምናለን። የኛ አገር ኮክ ትንሽ፣ ጠንካራና ኮምጣጣ ነው፤ ያ ለጥሬው ጉድለት ሊመስል ይችላል፣ ከጣፋጭ ፍርፋሪ ሥር ግን ትልቅ ጸጋ ነው። ቆዳውን ለመላጥ ከሥሩ በቢላ ጫፍ የመስቀል ምልክት አድርጎ በፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ መንከርና ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ማዛወር ነው፤ ቆዳው በእጅ ይገፈፋል። ስኳሩ ከ80 እስከ 100 ግራም፣ ስታርቹ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ።

ከውጭ የሚገባው ቀይ አፕል ጣፋጭ ብቻ ነው፣ ኮምጣጣነት የለውም፤ ስኳሩን 40 ግራም አድርጎ ሎሚ መጨመር ያስፈልገዋል። ከደጋ የሚመጣው የአገር አፕል ኮምጠጥ ካለ ስኳሩ 60 ይሁን። አፕል የራሱ ማወፈሪያ ስላለው ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ስታርች ይበቃዋል፤ ቀረፋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ቅርንፉድ ከተጨመረ ሁለት ፍሬ ብቻ፣ ሲበስል የሚወጣ። ኮረሪማ ለማንጎም ለኮክም ይሄዳል፤ የሁለት ፍሬ ዘር ተወቅጦ ይበቃል። ዘይቱን መዓዛው ግሩም ነው፣ ዘሩ ግን ጥርስ ይሰብራል። መሐሉን በማንኪያ አውጥቶ ከጥቂት ውሃ ጋር አፍልቶ በወንፊት ማሳለፍና የተጣራውን ከዳር ሥጋው ጋር ማብሰል ይቻላል። ሥራ ይበዛዋል፣ ግን ይክሳል። ሙዝ አይበስልም፤ ጥሬውን ወፍራም አድርጎ ቆርጦ የብርቱካን ጭማቂ አርከፍክፎበት በሌላ የበሰለ ፍሬ መሐል ማስገባት ነው እንጂ ብቻውን ገንፎ ይሆናል።

የተጎዳ ጥግ ያለው ፍራፍሬ ለዚህ ይሆናል፤ የተመታውን ቆርጦ መጣል ብቻ ነው። የሻገተ ወይም የቦካ ሽታ ያለው ግን አይሆንም፤ የቦካ ፍሬ ሽታው በስኳርም በቅመምም አይሸፈንም።

ሳህኑ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኮምጣጣ ፍራፍሬ በስስ አሉሚኒየም ሳህን ሲጋገር የብረት ጣዕም ይይዛል፣ ሳህኑም ይጠቁራል። ሙቀት የሚችል የብርጭቆ፣ የሸክላ ወይም የኢናሜል ሳህን ይሁን። በትልቅ አንድ ሳህን ፋንታ ለአንድ ለአንድ ሰው የሚሆኑ ትንንሽ የሸክላ ሳህኖች ለካፌ ይመቻሉ። ጋጋሪው ፍራፍሬውን ማታ አብስሎ፣ ፍርፋሪውን ፍሪጅ አስቀምጦ፣ ሲታዘዝ ብቻ ኦቨን ያስገባል፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል፣ የሚጣልም የለውም።

የበሰለው ፍራፍሬ ለብ እስኪል ድረስ ሳህኑ ውስጥ ይቆይ። ፍሬው እየፈላ ፍርፋሪ የሚበትንበት ሰው የለፋበትን ቀዝቃዛ ቅቤ ከሥሩ ያቀልጠዋል። ከዚያ ፍርፋሪውን በእጅ እየበተኑ ማልበስ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። መጫን አያስፈልግም። የተጫነ ፍርፋሪ ክዳን ሆኖ እንፋሎቱን ያፍናል፤ እንፋሎቱም መውጫ ሲያጣ ከታች ያረጥበዋል። ዳር ዳሩ ላይ ፍራፍሬው ጥቂት ቢታይ መልካም ነው።

ኦቨኑ 190 ዲግሪ ላይ አስቀድሞ ይሙቅ። ሳህኑ በመሐለኛው መደርደሪያ ላይ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ። የሙቀት መለኪያ የሌለው የጋዝ ኦቨን ከሆነ በትሪ ላይ ጥቂት ዱቄት በስሱ ነስንሶ ማስገባት ነው፤ በአምስት ደቂቃ ወርቃማ ቡናማ ከሆነ መካከለኛ ሙቀት ነውና ይበቃል፣ በዚያው ጊዜ ከጠቆረ በዝቷል፣ ነጭ ሆኖ ከቀረ ገና ነው። ደርሷል የሚባለው ላዩ ወርቃማ ሆኖ ዳር ዳሩ ላይ ወፍራም ጭማቂ ቀስ ብሎ ሲፈላ ነው። ቀጭን ጭማቂ በፍጥነት እየፈላ ከሆነ ስታርቹ አንሷል ወይም ፍሬው ድስት ውስጥ በቂ ጊዜ አላገኘም፤ ላዩን በፎይል ሸፍኖ አሥር ደቂቃ መጨመር ያድነዋል። ላዩ ቶሎ ጠቁሮ ሥሩ ካልፈላ መደርደሪያው ወደ ላይ በዝቷል። ላዩ ነጭ ሆኖ ዱቄት ዱቄት የሚል ከሆነ ወይ ቅቤው አንሷል ወይ በደንብ አልታሸም፤ እነዚያን ነጭ ቦታዎች በቀለጠ ቅቤ ነካ ነካ አድርጎ አምስት ደቂቃ መመለስ ነው። ቅባት አቅርሮ ከታየ ቅቤው ሲታሽ ቀልጦ ነበር፤ ለዚህ መድኃኒት የለውም፣ ለሚቀጥለው ማቀዝቀዝ ብቻ።

ኦቨን የሌለበት ቤት ብዙ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። ድፎ ዳቦ እንደምንጋግረው ከላይና ከታች ፍም አድርጎ በብረት ድስት መጋገር ሲሞከር የሚገጥመው ችግር አንድ ነው፤ ክዳኑ እንፋሎቱን መልሶ ፍርፋሪው ላይ ያንጠባጥበዋል። ለድፎ ዳቦ እንፋሎቱ በጎ ነው፣ ለክራምብል ጠላት ነው። ስለዚህ በከሰል የሚሠራ ሰው ሁለቱን ለያይቶ ይሥራ። ፍራፍሬውን ድስት ውስጥ ሙሉ በሙሉ፣ እስኪለሰልስና እስኪወፍር ያብስል። ፍርፋሪውን ደግሞ በሰፊ መጥበሻ ወይም በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ በስሱ ዘርግቶ፣ እሳቱን ቀንሶ፣ በእንጨት ማማሰያ ቀስ እያለ እያገላበጠ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይጥበስ። መጀመሪያ ቅቤው ይቀልጥና እርጥብ ይመስላል፤ አትደናገጡ፣ ውሃው ሲተን ይለያያል። ቀለሙ ገብስ ቆሎ ሲመስል ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ትሪ ይገልበጥ፤ ምጣዱ ላይ ከቆየ ስኳሩ በምጣዱ ሙቀት ያርርና ይመርራል። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ሊበላ ሲል ትኩሱ ፍራፍሬ ላይ መበተን ነው። ቀድሞ ከተበተነ ይርሳል። በዚህ መንገድ የተጠበሰ ፍርፋሪ ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

ጾም ላይ ቅቤው ይወጣል። በደሴ ብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት እዚህ ጥቅም አለው፤ ጠጣር ስለሆነ እንደ ቅቤ ይታሻል፣ 85 ግራም ይበቃል። ፈሳሽ ዘይት ከሆነ 70 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለ200 ግራም ዱቄትና ለ100 ግራም ስኳር። ዘይት ውስጥ ውሃ ስለሌለ ያ ሁለት ማንኪያ ካልገባ እንደ አሸዋ ይበተናል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ቢገባበት የቅቤውን ጣዕም ጉድለት ይሸፍናል። በረመዳን ለማፍጠሪያ ለሚያዘጋጁት ደግሞ ፍራፍሬውን ከሰዓት አብስሎ ፍርፋሪውን ካለበሱ በኋላ ሳህኑን ፍሪጅ ማቆየትና ከመግሪብ 40 ደቂቃ በፊት ኦቨን ማስገባት ይመቻል። ከቴምር ጋር ከሆነ የፍራፍሬው ስኳር በግማሽ ይቀነስ።

ከኦቨን የወጣው ወዲያው አይቆረስም። ሩብ ሰዓት ሲያርፍ ስታርቹ ጭማቂውን ይይዘዋል፣ ላዩም ይንኮሻኮሻል። ከላዩ ቀዝቃዛ እርጎ ወይም ስልባቦት ማድረግ ለእኛ ከአይስክሬም ይበልጣል፤ እርጎው ያልተቀመመ ይሁን። የሞቀ ወተት ወይም ካስታርድ የሚያፈስ ሰው ጎን ለጎን ያቅርብ እንጂ ኮምጣጣው ፍሬ ላይ አያፍስስ፤ ወተቱ ይቋጠራል። የተረፈው ሲቀዘቅዝ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ሲሞቅ በኦቨን ወይም ክዳን ሳይደረግበት በመጥበሻ ነው፣ ማይክሮዌቭ ፍርፋሪውን ያረጥበዋል።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለን ጥያቄ አጭር ነው። የምግብ ዓምዳችሁ የመጋገር አሠራር ሲያወጣ መጠኑን በግራም፣ የሳህኑን ስፋትና ጥልቀት በሴንቲ ሜትር፣ የኦቨኑንም ሙቀት በዲግሪ ይጻፍልን፤ እንቁላልና ቤኪንግ ፓውደር ያለበት ከሆነ ደግሞ በየትኛው ከፍታ ላይ እንደተሞከረ በአንድ መስመር ይጠቀስ። ይህን ጥያቄ የምናቀርበው ለደሴ ብቻ ብለን አይደለም፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአንባቢዎቻችሁ ኬክ እዚያም ይሰምጣል። ቦታ ቢጠብባችሁ መግቢያውን አሳጥሩ፣ ግራሙን ግን አታስቀሩብን።

ከአክብሮት ጋር
በደሴና በኮምቦልቻ የምንሠራ ጋጋሪዎች